ሬይ ሌብሏን ለቃ ታደሰች ወይስ የተዘጋው ተከፈተ? ጥያቄውና የመጡት መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም የሙዚቃ ወዳጆች። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ልከራከርም።

እንግሊዛዊቷን ሬይን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሙሉ ስሟ ሬቸል አጋታ ኪን ነው። የደቡብ ለንደን፣ የቱቲንግ ልጅ ናት። ትጽፋለችም፣ ትዘፍናለችም። በ2014፣ ገና በ17 ዓመቷ፣ የዩኒቨርሳል ከሆነው ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ) ከፖሊዶር ጋር የአራት አልበም ውል ፈረመች (አቆጣጠሩ ሁሉ የፈረንጅ ነው)። ከዚያ ሰባት ዓመት አለፈ። ነጠላ ዜማዎች ወጡ። ለዲጄዎች ሥራ ድምጿን ሰጠች። ለእነ ቢዮንሴ እና ጆን ሌጀንድ ዘፈን ጻፈች። የራሷ ሙሉ አልበም ግን የለም።

በጁን 2021 ትዊተር ላይ ወጥታ ብሶቷን ዘረገፈችው። በሳምንታት ውስጥ ከፖሊዶር ተለያየች። በራሷ መሥራት ጀመረች። በጃንዋሪ 2023 ኤስኬፒዝም የሚለው ዘፈኗ በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ። በቀጣዩ ወር የመጀመሪያ አልበሟ ወጥቶ ሁለተኛ ላይ ገባ። በማርች 2024 ደግሞ ብሪት በሚባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ሽልማት ምሽት ስድስት ዋንጫ ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄደች። በአንድ ዓመት ያን ያህል የወሰደ ከእሷ በፊት አልነበረም።

ሰው ሁሉ ነፃ ስትወጣ ታደሰች ይላል። እኔ አይዋጥልኝም። ዘፈኖቹ ድሮም ነበሩ። ያኔ ራሷ እንደጻፈችው፣ አልበም የሚሞላ ሙዚቃ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣ ነበር። እሷ ያው ናት። የተለወጠው፣ ይውጣ አይውጣ ብሎ የሚወስነው ሰው ነው። ምን ትላላችሁ?

መልሶቹ

የውይይቱ ክር እየረዘመ ስለሄደ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች መልሶቹን በየቁጥራቸው አሳጥሬያቸዋለሁ። አስተያየቴን ጣል ማድረጌ አይቀርም፤ ቻሉኝ።

1. በጨዋ ደንብ ሰላምታ ሰጥቶ የጀመረ ሰው ነው። ከሐሳቤ ጋር ይስማማል፣ ግን አንድ ነገር ጨመረ። በ2020 መጨረሻ ዘጠኝ ዘፈን ያለው አነስ ያለ ሥራ በፖሊዶር በኩል ወጥቶላታል። ስለዚህ ምንም አልወጣላትም እንዳይባል አሳሰበ። ሙሉ አልበሙን በተመለከተ ግን የተነገራት ነገር እንዳበሳጨው ጻፈ፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ያኔ የወጣው ነጠላ ዜማ በሚያመጣው ቁጥር ታይቶ ነበር። አንድ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተደመጠ ቆጥሮ የሰባት ዓመት ሥራ ላይ መፍረድ ምን ዓይነት ነገር ነው ብሎ ዘጋ።

2. ይኼኛው ስለ ሬይ ቻርልስ የምናወራ መስሎት ገባ። ዓይነ ስውሩ ፒያኒስት እንዴት ብሪት እንደተሸለመ ግራ ገብቶታል።

3. ቁጥር 2ን አላገጠበት። ሳቅ በሳቅ።

4. በአነጋገራቸው ዕድሜ የጠገቡ የሚመስሉ ጋሼ ናቸው። ቁጥር 3ን ገሠጹና ሳቁን ቁም ነገር አደረጉት። ለካ ሬይ ቻርልስም ከጉዳያችን ሩቅ አይደለም። በ1959 መጨረሻ ሌብሉን አትላንቲክን ለቆ ወደ ኤቢሲ ፓራማውንት ሲሄድ፣ ማስተሮቹ (የቀረጻዎቹ ዋና ቅጂዎች) በመጨረሻ የራሱ እንዲሆኑ ተደራድሮ ነው የፈረመው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ውል ብርቅ ነበር። በ1962 ደግሞ ተነስቶ የካንትሪ አልበም ሠራ። የሪትም ኤንድ ብሉዝ ንጉሥ የነጮቹን የገጠር ዘፈን ሲዘፍን ብዙ ሰው አበደ ብሎ ነበር። አልበሙ ግን አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። የጋሼ ነጥብ ግልጽ ነው። ሥራው የራሱ የሆነ ሰው መንገዱን ሲቀይር ማንንም አያስፈቅድም። ቁጥር 2 ተመልሶ አመሰገናቸው።

5. ዱባይ ውስጥ ዲጄ የሆነ ልጅ ነው። ፖሊዶርን ብትረግሙ እኔ አልረግምም አለ። ሬይ ከጆኤል ኮሪ እና ከዴቪድ ጌታ ጋር በ2021 የሠራችውን ቤድ የሚለውን ዘፈን ሌሊቱን ሙሉ ያጫውተው ነበር፤ ሰው ማን እንደዘፈነው ሳያውቅ ይጨፍራል። በእሱ አስተያየት እነዚያ ዓመታት ባክነው አልቀሩም። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሰውን መያዝ የተማረችው እዚያ ነው። ሙያ ነው፣ ሙያ ደግሞ በነፃነት ብቻ አይመጣም አለ። ይህን መልስ ወድጄዋለሁ። የተሻለ ቁጣ ያለበት መልስ ስጠብቅ የተሻለ ሐሳብ ያለበት መጣ።

6. ኪቦርድ ተጫዋች ናት። ኤስኬፒዝምን ቁጭ ብላ ፈታታችው። ዘፈኑ አራት ደቂቃ ተኩል ያልፋል። ሬይ አብዛኛውን የምትዘፍነው ሳይሆን በጥድፊያ የምታወራው ነው፤ ፍቅረኛዋ ጥሏት ሄዶ፣ መጠጥ ውስጥ ገብታ፣ ሌሊቱን ስታባክን። ከበሮው ከባድ ነው። መጨረሻው ላይ ሩጫው ይበርድና ድምጿ ብቻዋን እንደቀረች ሴት ድምፅ ይሆናል። ኪቦርዲስቷ እንደምትለው፣ ለራዲዮ የሚያስብ ሰው ቢሆን ያንን ጅራት መጀመሪያ ነበር የሚቆርጠው። ለእሷ ነፃነት የሚሰማው እዚያች ሳትቆረጥ የቀረችው ጅራት ላይ ነው።

7. ስለታሙ እዚህ ተጀመረ። ነፃነት አትበሉኝ፣ ዘፈኑን ያነሳው ቲክቶክ ነው አለ። ልጆች ፍጥነቱን ጨምረው ሲለጥፉት ነው የተሰማው። ፖሊዶር ቤት ሆና ቢወጣም ቲክቶክ ያነሳው ነበር ባይ ነው። ቁጥር 6 ፖሊዶር ቤት ሆና መች ይወጣ ነበርና ብላ መለሰችለት። አንድ ለዜሮ።

8. ይህ ሰው ነፃ የሚለው ነገር ራሱ ያንገበግበዋል። አልበሙ የወጣው ሂውማን ሪሶርስስ በተባለ አከፋፋይ በኩል ነው፣ እሱ ደግሞ የሶኒ ንብረት በሆነው በዘ ኦርቻርድ ሥር ነው አለ። ከዩኒቨርሳል ቤት ወጥቶ ሶኒ ግቢ መግባት ነፃነት ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ከዚያ በፊት በጨዋነት ሲሄድ የነበረው ክር ላይ የመጀመሪያው ስድብ የወጣውም ከዚህ መልስ ነው። አልደግመውም።

9. ተረጋግታ የመለሰች የሕግ ባለሙያ። ለቁጥር 8 መረጃው ልክ ነው፣ ድምዳሜው ነው የተሳሳተው አለችው። አከፋፋይና ባለቤት አንድ አይደሉም። በተለመደው ውል ሌብሉ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፣ ያ ገንዘብ ግን ስጦታ አይደለም። የስቱዲዮው፣ የክሊፑ፣ ሌላውም ወጪ ከዘፋኙ ድርሻ እየተቀነሰ ይመለሳል። እስኪመለስ ዘፋኙ ከሽያጩ የሚደርሰው ነገር የለም። ዕዳው ካለቀ በኋላም ቢሆን ቅጂው አብዛኛውን ጊዜ የሌብሉ ሆኖ ይቀራል። በስርጭት ውል ግን ቅጂው የአርቲስቷ ነው። አከፋፋዩ ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ውሉ ሲያበቃ ይሰናበታል። ምን ይውጣ፣ መቼ ይውጣ የሚለውንም የምትወስነው እሷ ናት። ቁጥር 8 ይህን ካነበበ በኋላ አልተመለሰም። ስድቡ ግን እንዳለ ነው።

10. ቦስተን የሚኖሩ ሌላ ታላቅ ወንድም፣ ይኼ አዲስ ነገር አይደለም ብለው ኤሚ ማንን አነሱ። በ1980ዎቹ ከዚያችው ከተማ ከተነሳው ቲል ቱስዴይ ከተባለው ባንድ ጋር ትዘፍን የነበረችው ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሌብሏ በኩባንያዎች ውህደት ሌላ እጅ ገባ። አዲሶቹ አለቆች አልበሟን ሰሙና ነጠላ ዜማ የሚሆን የለበትም አሏት። እሷም ማስተሩን ከነሱ ገዛችው። ሱፐርኢጎ የሚባል የራሷን ሌብል ከፈተች። አልበሙን በ2000 በድረ ገጿና በኮንሰርቶቿ ላይ መሸጥ ጀመረች። በዚያው ሰሞን ማግኖሊያ የተባለው ፊልም ዘፈኖቿን ተጠቅሞ ለኦስካር አሳጫት። በ2018 በፎክ አልበም ግራሚ ስትወስድ በራሷ ሌብል ላይ እንደነበረች ጻፉ። የራሴን ግምት ልጨምር። የኤሚ ማን ታሪክ ከሬይ ይልቅ ለእኔ ክርክር ይመቻል። አልበሙ አልቆ ተቀምጦ ነበር፤ የቀረው የሚያወጣው ሰው ነበር።

11. አሜሪካዊው ዘፋኝ ፕሪንስ። መምጣቱ አይቀርም ነበር። ይህ ሰው የፕሪንስ ወዳጅ ነኝ ብሎ ጀምሮ ፕሪንስን ምስክር አድርጎ ነፃነትን ከሰሰ። በ1990ዎቹ ከሌብሉ ከዋርነር ጋር ተጣልቶ ጉንጩ ላይ ባሪያ የሚል ቃል ጽፎ ይዞር ነበር። ተለያየና በ1996 ምን አወጣ? ሦስት ሲዲ። እያንዳንዱ አንድ ሰዓት። ሠላሳ ስድስት ዘፈን። ከነዚያ ውስጥ አንድ ምርጥ ሲዲ ይወጣ ነበር ባይ ነው። ይበቃል የሚል ሰው ከጎኑ ጠፋ። ሌብል አንዳንዴ የሚጠቅመው እምቢ በማለት ነው አለ። እውነት አለው። ግን ሦስቱንም ሲዲ ጨርሶ የሰማ ሰው ካለ አብሬው ሻይ እጠጣለሁ።

12. ቁጥር 10 እና ቁጥር 11 ተያያዙ። ሲጀምሩ እርስዎ ይባባሉ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ አንተ ሆነ። አራተኛው ዙር ላይ አንዱ ሌላውን ዕድሜውን ጠየቀው። ሲጣሩ እኩያ ሆነው ተገኙ፣ ነገሩም እዚያው በረደ።

13. አንዲት ልጅ ሬይ ጋናዊት ናት ወይ ብላ ጠየቀች። እናቷ የጋናና የስዊዘርላንድ ዘር አላቸው፣ አባቷ እንግሊዛዊ ናቸው። ከዚያ ክሩ ጆሎፍ ሩዝ የተባለው የምዕራብ አፍሪካ ምግብ ላይ ወደቀ። ጋና ይሻላል ናይጄሪያ የሚለው ክርክር እኛ ቤትም እንደሚገባ አላውቅም ነበር። እዘለዋለሁ።

14. ከሁሉም መልሶች መልሼ ያነበብኩት ይኼን ነው። አዲስ አበባ ያለ የዜማ ደራሲ ነው። እናንተ ስለ ሬይ ዘፋኝነት ታወራላችሁ፣ እኔ ግን ጸሐፊነቷን ነው የምሰማው ብሎ ጀመረ። እሷ ዘፈን ጻፊዎች ከማስተሩም ድርሻ ይገባቸዋል ብላ ደጋግማ ተናግራለች። በ2025 የእንግሊዝ ትልልቅ ሌብሎች ለዘፈን ጻፊዎች የስቱዲዮ የቀን አበል ለመክፈል ሲስማሙ፣ የእሷ ጩኸትም አለበት ባይ ነው። ከዚያ የራሱን አመጣ። ከዓመታት በፊት አንድ ዜማ ሸጠ። ካፌ ውስጥ፣ ማኪያቶ ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ አንዲት ገጽ ወረቀት ፈረመና ገንዘቡን ቆጥሮ ተቀበለ። አለቀ። ዘፈኑ ወጣ፣ ሠርግ ሁሉ ተጨፈረበት። ቆይቶ ዘፋኙ ኮንሰርት ሲያዘጋጅ ትኬት ገዝቶ ገባ። ዘፋኙ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞረ። ሕዝቡ ዜማውን አንድ ሳይሳሳት ዘፈነለት። ደራሲው ከኋላ ቆሞ አብሮ ዘፈነ። ሕጉ የለም አይደለም፣ የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) አለ፤ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ሃምሳ ዓመት ይጠበቃል ይላል። ግን ካፌ ውስጥ አዋጅ ይዞ የሚቀመጥ ማን ነው ሲል ጠየቀ።

15. ዘፋኝ ናት፣ ቀጥታ ለቁጥር 14 ነው የመለሰችው። ቆይ እስቲ አለች። ዘፋኙን ሁሉ ሀብታም አታድርጉት። ድሮ ሙዚቃ ቤቱ ነበር፤ ካሴቱን ይገዛል፣ ያሳትማል፣ ያከፋፍላል። አሁን ዘፋኙ ራሱ ሌብል ነው፣ ወዶ ሳይሆን ተገዶ። ግጥም ትገዛለች። ዜማ ትገዛለች። ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ማስተሪንግ፣ ክሊፕ። ተከራይታ የምትኖርበትን ቤት ኪራይ አዘግይታ ለካሜራ ባለሙያ ከፍላ ታውቃለች። ዩቲዩብ የሚመልሰው ደግሞ የአቀናባሪውን እንኳ አይሸፍንም። ነፃነት ማለት ዕዳውን ብቻዬን መሸከም ከሆነስ አለች። ከዚያ ቁጥር 14ን በስም ሳትጠራ፣ ዜማ ሸጠው ገንዘቡን ከበሉ በኋላ የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ ብላ ወጋ አደረገችው።

16. ጋሼ (ቁጥር 4) ተመለሱ። ሁለቱን ለማስታረቅ ይመስላል፣ አምሐ እሸቴን አነሱ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። አምሐ በ1969 ያንን ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። በ1975 አገር ጥሎ ሄደ። የያኔው ሙዚቃ ዛሬም በዓለም የሚፈለገው አንድ ነጋዴ አልፈቅድም ሲሉት እንቢ ስላለ ነው አሉ ጋሼ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አምሐ ዘፋኝ አልነበረም፣ ሌብል ነበር። ስለዚህ ይህ ምሳሌ ለየትኛው ወገን እንደሚመሰክር አላውቅም፤ ለሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

17. ወደ ርዕሱ እንመለስ የሚል ሰው። በየክሩ አንድ አይጠፋም፤ እናመሰግናለን።

18. ይህችኛዋ መነሻ ጽሑፌን ነው የሞገተችው፣ ጠንክራም ነው። አልበሙ ውስጥ ሬይ በሙዚቃ ሰው ስለደረሰባት ወሲባዊ ጥቃት የምትዘፍንበት ዘፈን አለ። ስቱዲዮ ውስጥ ስለሆነ ነገር። ያንኑ ዘፈን በ2024 ብሪት መድረክ ላይ፣ የሙዚቃው ዓለም አለቆች በተቀመጡበት አዳራሽ ዘፈነችው። ጸሐፊዋ የምትለው ይህን ነው፤ ዘፈኑ ፎልደር ውስጥ ይኑር አይኑር ምን ይለውጣል? የተለወጠው ይህን በአደባባይ ለማለት የበቃችው ሴት ናት። መታደስ ይህ ካልሆነ ምንድነው አለችኝ። ከመልሶቹ ሁሉ ያስቆመኝ ይኼ ነው። ለማሾፍ የሚጣደፉት እንኳ ለዚህ ዝም አሉ።

19. ትንሽ እንሳቅ ብሎ የገባ። ከስድስቱ ዋንጫ አንዱ የምርጥ አዲስ አርቲስት ነበር። ከፈረመች ከአሥር ዓመት በኋላ። ግራሚም ለ2025 በዚያው ዘርፍ አጫት። በዚያ ምሽት ያሸነፈችው ቻፔል ሮን መድረክ ላይ ወጥታ ሌብሎች ለአዳዲስ አርቲስቶች መኖሪያ የሚሆን ክፍያና የጤና መድን ይስጡ ብላ መናገሯን አስታወሰ። ያቺም ልጅ በአንድ ወቅት በሌብሏ የተባረረች ናት።

20. በሴፕቴምበር 2023 ሬይ ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ አልበሙን ከሙሉ ኦርኬስትራና ከመዘምራን ጋር አቅርባለች። ቁጥር 6 ናት የጻፈችው። ያንን ቅጂ በሄድፎን እንጂ በስልክ ስፒከር እንዳትሰሙ ብላ አስጠነቀቀች። ከዚያ የሄድፎን ዋጋ ተጀመረና ብዙ ሰው የየራሱን አወራ።

21. ዲጄው ተመለሰ። በ2024 የወጣው ጄነሲስ የሚለው ሥራዋ ሰባት ደቂቃ ነው፣ ሦስት ክፍል አለው። መጨረሻው ቢግ ባንድ ጃዝ ይሆናል። ክለብ ውስጥ ባጫውተው ይደበድቡኛል አለ። ግን ይኼም ከፎልደር የወጣ ነው ልትለኝ ነው ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም መለስኩ። አይደለም። የእኔ ክርክር የሚቆመው አልበሙ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ወሬ ነው። ሰው የያዘውን ሳያራግፍ አዲስ ነገር አይዝም። ሬይ ሰባት ዓመት የተሸከመችውን አልበሙ ላይ አራገፈች። ጄነሲስን የሠራችው እጇ ባዶ ሲሆን ነው። ለቁጥር 18ም የምለው ይኸው ነው። ያ ዘፈን እስካልወጣ ድረስ የሚቀጥለው አይጻፍም ነበር።

22. ስለታም ነው፣ ግን ቦታውን ያገኘ ነው። ያሸነፉትን ብቻ ቆጥራችሁ ነፃነት ያድሳል አትበሉ አለ። ሬይ ስትወጣ ስም ነበራት፣ በቻርት ሦስተኛ የወጡ ዘፈኖች ላይ ድምጿ ነበር፣ የሚያግዝ ቤተሰብ ነበራት። ያ ሁሉ ሳይኖረው ሌብሉን ለቆ የጠፋ ሰው ክር አይከፈትለትም። ቁጥር 15 በዚህ ላይ የተስማማችበትን ያህል በምንም አልተስማማችም።

23. ኤስኬፒዝም ላይ ያለችው ሌላዋ ድምፅ ማን ናት? አሜሪካዊቷ ራፐር 070 ሼክ ናት። ተመለሰለት።

24. ቁጥር 14 ለቁጥር 15 ጻፈላት። ያለቀሰው ስለ ገንዘቡ እንዳልሆነ አስረዳ፣ ወጋ ያደረገችውንም በሳቅ አለፈው። አንድ ያልተሸጠ አምባሰል ዜማ አለኝ፣ ቅድሚያ አልፈልግም፣ ከሚገባው በመቶኛ እንካፈል አላት። እሷም ዜማውን በድምፅ ላክልኝ አለች። ላከ። ወደደችው። አሁን መቶኛው ላይ ናቸው። እሱ ሠላሳ ብሎ ጀመረ፣ እሷ አሥር። ቁጥር 9 የሕግ ባለሙያዋ በነፃ ውሉን አዘጋጃለሁ ብላ ገብታለች፣ ጋሼም አሥራ አምስት ላይ ተገናኙ እያሉ ነው። ደራሲው ከሃያ አልወርድም ብሏል።